በሩ ለብሷል፣ መስኮቱ ግን አይወርድም

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ አሮጌ መኪና የተሳፈረ ሰው መስኮት መክፈት ሲያምረው ፈቃድ መጠየቅ አለበት። የመስታወቱ ማዞሪያ በሩ ላይ የለችም፤ ያለችው ሹፌሩ ዘንድ ነው። ለአራት በር አንዲት ማዞሪያ! አንዳንዴ ከማርሹ ሥር ከሳንቲምና ከፓርኪንግ ደረሰኝ ጋር ተኝታ፣ አንዳንዴም ሹፌሩ ጃኬት ኪስ ውስጥ ተሸጉጣ ትገኛለች። «ወንድም፣ ሞቀኝ» ትላለህ። ማዞሪያዋ ትመጣለች፤ ትሰካታለህ፣ ታዞራታለህ፣ መስታወቱ እስከ ግማሽ ወርዶ ይቆማል። «ከዚህ በላይ አታስጨንቀው፣ ይወድቃል» ይልሃል። ማዞሪያዋን ትመልሳለህ፤ ከኋላ ያሉት ጎፋ ማዞሪያ እስኪደርሱ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ላዳ ታክሲ ያመላለሰው ትውልድ ይህን ሥርዓት አሳምሮ ያውቀዋል።

መውረድም የራሱ ወግ አለው። የውስጥ መክፈቻው መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ ስለዚህ በግማሽ በወረደው መስታወት እጅህን አሾልከህ ከውጭ ትከፍታለህ። ሹፌሩ ጨዋ ከሆነ ራሱ ወርዶ፣ ዞሮ መጥቶ ይከፍትልሃል፤ ላፍቶ ሞል በር ላይ የቆመ ሰው ይህን ሲያይ ሚኒስትር የወረደ ይመስለዋል። ከመኪናው ርቀህ ሳትጨርስ «ቀስ አድርገህ ዝጋው እንጂ!» የሚል ድምፅ ይከተልሃል። ቀስ ተደርጎ የተዘጋው በር ደግሞ አይዘጋም። ደግመህ በኃይል ትገፋዋለህ፤ ይዘጋል፤ ሹፌሩ ይቀየምሃል።

በዚህ ሁሉ የሚገርም ነገር የለም፤ እርጅና ነው። የሚገርመው በሩ የለበሰው ልብስ ነው። ደማቅ ቀይ ሌዘር፣ በነጭ ክር ዳይመንድ ዳይመንድ እየተደረገ የተሰፋ፣ ክርን ማሳረፊያው በስፖንጅ ያበጠ፣ መሃሉ ላይ የመርሴዲስ ኮከብ የተጠለፈበት። መኪናዋ ዲኤክስ ናት።

ዲኤክስን ለማያውቅ አንባቢ (አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ አንባቢ ካለ) በፈረንጆቹ 1979 ጃፓን ላይ የወጣው አራተኛው ትውልድ ኮሮላ ማለት ነው። በተወለደበት አገር መንገድ ላይ ብታገኘው ፎቶ ታነሳዋለህ። ሳሪስ ላይ ብታገኘው ግን ቅድሚያ ትሰጠዋለህ፤ ፍሬኑ ይያዝ አይያዝ እርግጠኛ አይደለህማ። እዚህ አገር መኪና አይጣልም፤ እንዲጣል ያሰበ መንግሥት እንኳ ያገኘው ተቃራኒውን ነው። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ወጣና ያገለገለ መኪና ለማስገባት እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ተጣለ። ጥቅምት 2015 ላይ መኪና የውጭ ምንዛሪ ከማይፈቀድላቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች ተራ ገባ። ጥር 2016 ላይ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ። አሮጌ መኪና እንዳይገባ የተባለው ሁሉ ተሳካ፤ ገብቶ የነበረው ግን አልወጣም። በአዋጅ በአዋጁ ዋጋው ጨመረ እንጂ።

ስለዚህ ባለ ዲኤክሱ መኪናውን ያስጠግናል። እስከዚህ ድረስ ከእሱ ጋር ነኝ። ፍሬኑ ይጮኻል፤ መሪው ካልያዙት ብቻውን ወደ ግራ ይሄዳል፤ የኋላው መብራት ቦሎ ሊወጣ ሲል ብቻ ይበራል። ሰውየው ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ መኪናውን በጠዋት አስነስቶ የሚሄደው ግን ታፒሰሪ ቤት ነው። ለምን ብትለው መልሱ ዝግጁ ነው፦ «እንግዳ የሚያየው በሩን ነው።» እውነቱን ነው። ፍሬን ያየ እንግዳ የለም፤ ያየውም ቢኖር ሊነግረን አልመጣም።

የበር የውስጥ ሽፋን ምን እንደሆነ ፈትቶ ያየው ጥቂት ነው። ከሌዘሩ ሥር ስስ ስፖንጅ አለ። ከስፖንጁ ሥር ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ፣ የሙያው ሰዎች «ካርቶን» የሚሉት ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው ዙሪያውን በፕላስቲክ ክሊፕስ ላሜራው ላይ ተሰክቷል። በካርቶኑና በላሜራው መሃል ደግሞ አንዲት ላስቲክ ተለጥፋለች። ሽንኩርት የሚቋጠርባት ዓይነት፣ ዋጋዋ የማይነገር፣ ማንም የማያያት ላስቲክ። ፋብሪካው ያለ ምክንያት አልለጠፋትም። የመኪና በር ውስጡ ውሃ ይገባዋል፤ መግባቱም ጥፋት አይደለም። ዝናቡ በመስታወቱ ላይ ተንሸራቶ፣ ከመስታወቱ ጎማ ሥር ሾልኮ ወደ በሩ ሆድ ይወርዳል፤ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ደግሞ ይወጣል። የላስቲኳ ሥራ ውሃው በመንገዱ ላይ ሳለ ካርቶኑን እንዳይነካው መከልከል ነው። ሌላ ሥራ የላትም።

አንድ ቀን መስታወቱ አልነሳ ይላል። መካኒክ ይጠራል። ማዞሪያዋን ከዘንጉ ጋር የያዘቻት ቀጭን የሽቦ ቀለበት አለች፤ ጨርቅ ከማዞሪያዋ ጀርባ አስገብቶ ግራና ቀኝ ለሚስብ ሰው በቀላሉ የምትወጣ ናት። የእኛ ሰው ካቻቢቴ ይዞ ይፈነቅላታል። ቀለበቷ ተፈናጥራ ወንበር ሥር ትገባለች፤ ከዚያ በኋላ ያያት የለም። ማዞሪያዋም ያለ ቀለበት በዘንጓ ላይ መቆየት ስለማትችል ወደ ሹፌሩ ኪስ የምትሰደደው ያን ቀን ነው። ቀጥሎ ካርቶኑ ይነቀላል፤ ሦስት ክሊፕስ ይሰበራል፣ ሁለቱ ካርቶኑን ቀደው ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ ላስቲኳ ትገኛለች። መካኒኩ ያያታል፤ ባለቤቱም ያያታል።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«እኔ እንጃ ጋሼ፣ መኪናው ሲመጣ የታሸገበት ትሆናለች።»

መካኒኩ በአንድ እጅ ቀዷት፣ ጨምድዷት፣ እጁን ጠርጎባት ይጥላታል። መስታወቱ ይሠራል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል።

ከዚያ ሰኔ ይመጣል። ከጀሞ ተነስቶ ጎተራ ደርሶ ለሚመለስ መኪና ክረምት ከላይ ብቻ አይደለም፤ ከጎንም ከታችም ነው። የበሩ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በጭቃ ይደፈናሉ፤ ውሃው በበሩ ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ ካርቶኑ ይጠጣውና እንደ ራሰ ዳቦ ያብጣል። ክሊፕሶቹ የሚይዙት ነገር ያጣሉ። ሽፋኑ ከታች በኩል አፉን ይከፍታል፤ በዚያ አፍ ውስጥ ካርታ፣ እስክሪብቶ፣ የልጆች ከረሜላና አንድ ጊዜ የጠፋ መታወቂያ ይገባል። ባለቤቱ በሚስማር ይመታዋል። መስከረም ጠብቶ ፀሐይዋ ስትወጣ ደግሞ ሌላው ይጀምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ ላይ ፀሐይ ርኅራኄ የላትም። ሌዘሩን የሚያለሰልሰው ቅባት ከዓመት ዓመት እየተነነ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ሱሪ ላይ መርገፍ ይጀምራል። ሰውየው ሲያራግፍ ይኖርና አንድ ቀን «በቃ፣ ታፒሰሪ ይሠራ!» ይላል።

ታፒሰሪ ቤት ውስጥ ስለ ካርቶን የሚያወራ የለም። ወሬው ሁሉ ስለ ቀለም ነው። ሰውየው ብቻውን አይሄድም፤ ወንድሙን፣ የሚስቱን ወንድምና አንድ «መኪና ያውቃል» የሚባል ጎረቤት አስከትሎ ነው። ቢስኩት ቀለም ይባላል፤ ቆሻሻ ይይዛል ይባላል። ጥቁር ይባላል፤ ይሞቃል ይባላል። ግራጫ ይባላል፤ እሱማ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ሰለቸን ይባላል። ቀዩ የሚያሸንፈው ማንም ስለወደደው ሳይሆን ሁሉም ስለደከመው ነው። ከዚያ ስፌት ይመረጣል፤ ካሬ ነው ወይስ ዳይመንድ? ከዚያ ዓርማ። ባለ ላዳው ቶዮታ ያስጠልፋል፣ ባለ ቶዮታው መርሴዲስ። መርሴዲስ ያለው ሰው ምን እንደሚያስጠልፍ አላየሁም፤ እሱ ታፒሰሪ ቤት ሲመጣ መስታወቱን አይከፍትም።

እዚህ ላይ ስለ «ሌዘር» አንድ ነገር ካላልኩ ያንቀኛል። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም የሆነች አገር ውስጥ ነን። ሞጆ ላይ የቆዳ ፋብሪካዎች ተደርድረዋል። ከጎፋ ወረድ ብሎ ቄራ ነው፤ በየቀኑ ስንት ቆዳ እንደሚወጣ ሰፈሩ ራሱ በአፍንጫው ይመሰክራል። ባለ ዲኤክሱ በዚያው በቄራ በር አልፎ መጥቶ የሚመርጠው ሌዘር ግን ከላም ጋር ተያይቶ አያውቅም፤ በጥቅል የሚመጣ ፕላስቲክ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ምንም አይደለም፤ ለበር ፕላስቲኩ ይሻላል፣ ውሃ ይችላል። ችግሩ ሰውየው በጣቱ እየዳሰሰ፣ በአፍንጫው እያሸተተ «ኦሪጅናል ነው አይደል?» ማለቱ ነው። ታፒሰሪው ምን ይበል? «ኦሪጅናል ነው ጋሼ» ይላል። ኦሪጅናል ፕላስቲክ ነው፤ አልዋሸም።

ሥራው ሲጀመር ባለቤቱ ከሠራተኛው ራስ በላይ ይቆማል። ማስቲሽ ትዕግሥት የሚፈልግ ነገር ነው፤ ካርቶኑም ሌዘሩም ይቀባና፣ በጣት ሲነካ መጣበቁን እስኪተው ይጠበቅና፣ ያኔ ይጋጠማል። አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሌዘሩም ፀሐይ ላይ ትንሽ ቢሞቅ ይለሰልስና ጥግ ላይ ሳይሸበሸብ ይወጠራል። ሠራተኛው ይህን ያውቃል። ግን ቀና ባለ ቁጥር ባለቤቱ ሰዓቱን እያየ ነው።

«ምን ትጠብቃለህ የኔ ልጅ? አልተቀባም እንዴ?»

«ይንፈስበት ብዬ ነው ጋሼ።»

«መንገድ ላይ ይነፍስበታል፣ ለጥፈው!»

ይኸው ሰው ከሥራው ማዶ ባለው ካፌ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን መቀመጥ የሚችል ሰው ነው። ለማስቲሽ ሲሆን ግን አሥር ደቂቃ የለውም። ይለጠፋል። ያልተነነው የማስቲሹ ጋዝ ከሌዘሩ ሥር ታፍኖ ይቀራል፤ የካቲት ላይ መኪናዋ ፀሐይ ላይ በቆመች በሳምንቱ ቀዩ በር እዚህም እዚያም ያብጣል። ባለቤቱ ተመልሶ ይመጣል፤ «ሌዘሩ ፎርጅድ ነው» ሊል።

የታፒሰሪ ዋጋ የበዛበት ደግሞ በራሱ መንገድ ያድሳል። የበሩ ፕላስቲክ ሲነጣ የፕላስቲክ ቀለም አለው፤ በመጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎም ቅባት በሚያወጣ ነገር ተወልውሎ ከደረቀ በኋላ ስስ ስስ ተደርጎ ይረጫል። በስሙ የሚጠራ ቀለም ፋብሪካ ባለበት በንፋስ ስልክ ግን ብዙ በር የሚቀባው በሊስትሮ ዕቃ ነው። ጥቁር የጫማ ቀለም! በብሩሽ ይቀባል፣ በጨርቅ ይወለወላል፣ ያብለጨልጫል። ቅዳሜ ማታ የተቀባ በር እሑድ ጠዋት ፈተናው ይደርሳል። ሐና ማርያም ለመሳለም የወጡ እናት ነጭ በነጭ ለብሰው ይሳፈራሉ፤ ክርናቸውን በሩ ላይ ያሳርፋሉ፤ ሲወርዱ የነጠላቸው አንድ ወገን ሌላ ጥለት አውጥቷል።

«ልጄ፣ ይህ በርህ ነው እንዴ የነካኝ?»

«ማዘር፣ ኦሪጅናል ቀለም ነው፣ አይለቅም!»

አልለቀቀም። እስከ ዛሬ ነጠላው ላይ አለ።

ደላሎች ከዚህ ሁሉ ጮሌ ናቸው፤ የበር ሽፋን ምን እንደሚናገር ከባለቤቱ በላይ ያውቃሉ። ቪትዝ ሊሸጥ ይመጣል፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ያነሰ ቁጥር ያሳያል፤ «በሴት የተያዘች ናት፣ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት» ይባላል። (ያቺ ሴት ማን እንደሆነች አይታወቅም፤ የከተማውን መኪና ሁሉ ግን ይዛዋለች።) ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። የሹፌሩ በር ክርን ማሳረፊያ ግን አይመለስም። ስንት ዓመት ክርን እንዳረፈበት፣ ስንት ጊዜ በጥፍር እንደተጎተተ ተሰንጥቆ፣ ተልጦ ይናገራል። ሦስቱ በሮች ደህና ሆነው የሹፌሩ ብቻ ካለቀ መኪናዋ ብዙ ሮጣለች። ስለዚህ ከሽያጭ በፊት የሹፌሩ በር ብቻ ይለብሳል። ገዢ ቢያስብ ከዚያ የበለጠ ምስክር አልነበረውም፤ ለምን አንዱ በር ብቻ አዲስ ሆነ? ገዢ ግን አያስብም። በአዲሱ ሌዘር ላይ ክርኑን ያሳርፍና «ውስጧስ ንጹሕ ናት» ይላል። ከኋላው የቆመው ደላላ ወደ ሰማይ ያያል።

የሀብታሙ ሞኝነት ደግሞ በሌላ ወገን ነው። አዲስ መኪና፣ አሁን አሁን ድምፅ የሌላት የኤሌክትሪክ፣ ከመርከብ ስትወርድ በሮቿ በላስቲክ ተሸፍነው ይመጣሉ። ላስቲኩ ለመንገዱ ነው፤ ደርሳ ስትረከብ ይላጣል ተብሎ የተለጠፈ። አይላጥም። ለቡ ካለው ግቢ ወጥታ ዓመት ስትመላለስ ላስቲኩ አብሮ ይመላለሳል። ጥግ ጥጉ ይነሳል፣ አቧራ ከሥሩ ይገባል፣ ባበጠው ላይ ጭረት ይወጣል፤ ባለቤቱ በእስኮች መልሶ ያጣብቀዋል። ተሳፋሪው ክርኑን ባሳረፈ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ቤት ሲገቡም ሶፋው በላስቲክ ነው፣ ሪሞቱ በላስቲክ ነው። ሽያጭ ማስታወቂያ ላይ «ላስቲኳ ያልተነሳ» ሲባል ዋጋ ይጨምራል፤ ስለዚህ በሩን ማንም ሳይነካው፣ ማንም ሳያየው፣ ለሚቀጥለው ሰው ይጠበቃል። የሚቀጥለውም አይልጠውም።

ነገሩን በደንብ የሚሠሩ የሉም ማለት አይደለም። በሳሪስ በኩል ባሉት ጋራዦች መሃል ዕድሜ የጠገቡ፣ ከካርቶን የሚጀምሩ ታፒሰሪዎች አሉ። ያበጠውን ካርቶን መልክ አስይዘው ኮምፔንሳቶ ላይ ያስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ ይስላሉ፤ የማዞሪያውን፣ የመክፈቻውን፣ የክሊፕሱን ቀዳዳ በየቦታው ይበሳሉ፤ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ። ከዚያ ገና ሌዘር ሳይነካው ጀርባውን በዘይት ቀለም ይቀባሉ፤ እንጨቱ ውሃ እንዳይጠጣ። የበሩን ማፍሰሻ ቀዳዳ በሽቦ ይከፍታሉ። የእነሱ ሥራ ክረምቶችን ይሻገራል። ገበያቸው ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ምክንያቱም የሚያስከፍሉት ለማይታይ ነገር ነው። ከእነዚህ አንዱ ዘንድ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ኮምፔንሳቶው ተቆርጧል፣ ሠራተኛው የቀለም ቆርቆሮውን ከፍቶ ብሩሹን ነክሯል።

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉ ባለ መኪናው።

«ጀርባውን ልቀባልዎት ነው ጋሼ፣ ውሃ እንዳይበላው።»

«ጀርባውን ማን ያየዋል? ይልቅ በዚያ ብር ፊቱ ላይ ኮከቧን ከፍ አድርገህ ጥለፍልኝ።»

ሠራተኛው ብሩሹን አራግፎ መለሰው። ተከራካሪ ሰው አይደለም። በሁለተኛው ቀን አራቱም በር ለብሶ አለቀ፤ ቀይ፣ ዳይመንድ፣ ባለ ኮከብ። ሊገጥመው ሲል ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጥቅል ላስቲክ አወጣ፤ በበሩ ልክ ቆርጦ አዘጋጅቶታል፤ ዙሪያውን ማስቲሽ ሊቀባው ነው።

«ይቺን እንኳ ልለጥፍልዎት፤ ሒሳብ አልጨምርም።»

ባለ መኪናው ፊታቸው በራ። ጎንበስ ብለው ላስቲኩን ዳሰሱት፣ ወፍራም መሆኑን አረጋገጡ፣ ሠራተኛውን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ተባረክ! እኔማ ረስተሃል ብዬ ነበር። በል ከላይ ለጥፈው፣ ሌዘሩ እንዳይቆሽሽ።»